ብርድ የሚችል በለስ

ሰፈርተኛው "ጋሽ በረዶ" ይለዋል። ፍሪጅ ጠጋኝ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ቃል ከአፉ የሚወጣው እየተመዘነ ነው። "እንዴት አደርክ?" ላለው "ደህና" ብሎ ያልፋል፤ "እግዚአብሔር ይመስገን" የምትለዋን ለትልቅ ጉዳይ ያስቀምጣታል። ዕድሜው ሰባን አልፏል፣ ጀርባው ግን እንደ በር መቃን ቀጥ ያለ ነው።

አርባ ዓመት የሰው ቤት ፍሪጅ ሲያቀዘቅዝ ኖሯል። የገዛ ሚስቱን ግን ከብርድ ማዳን አልሆነለትም።

ሚስቱ የሞቃት አገር ልጅ ናት። ሲያገባት ከአባቷ ጓሮ፣ ከትልቅ የበለስ ዛፍ ሥር አንስቶ ነው ወደዚህ ብርዳም ከተማ ያመጣት። የዚያን ቀን፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ "እኔም ጓሮ በለስ እተክልልሻለሁ" አላት። በዕድሜው ሳይመዘን ካመለጡት ጥቂት ቃላት አንዱ ይኸው ነበር። የመጀመሪያው በለስ በመጀመሪያው ውርጭ ጠዋት እንደተቀቀለ ጎመን ተዝለፍልፎ ተገኘ። ሁለተኛው ሁለት የብርድ ወራት በጋሽ በረዶ ካፖርት ተጠቅልሎ ወጣ፤ ባለ ካፖርቱ ደግሞ በሹራብ እየተንቀጠቀጠ ወጣ። በሦስተኛው ዓመት ዛፉም ካፖርቱም አንድ ላይ በሰበሱ። ከዚያ ወዲህ ስለ በለስ ያነሳ የለም። ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ሥር ያለው ጉድጓድ ግን አልተደፈነም። እሱም አልደፈነው፣ እሷም ድፈነው አላለችም።

ልጃቸው በአንድ ሞቃት ከተማ መድኃኒት ቤት አላት። የብርዱ ወራት ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው ደወለች። ሚስቱ ስልክ ጆሮዋ ላይ መለጠፍ ስለማትወድ የልጅቱ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

"እማዬ፣ ጉልበትሽን የሚበላው ብርዱ እኮ ነው። በየወሩ ቅባት ከምልክልሽ አንቺው ነይ። ክፍሉ ባዶ ነው። አባባንም ይዘሽው ነይ።"

"እንደ ሻንጣ?" አለ ጋሽ በረዶ።

"አለህ እንዴ አባባ?"

"አለሁ።"

ባለፈው ዓመት ልጁ ቤት አንድ ሳምንት ሰንብቶ ያውቃል። አራተኛ ፎቅ ነው። የሚጠገን ነገር የለም። በሦስተኛው ቀን፣ ድምፁ አላማረኝም ብሎ ደህናውን ፍሪጅ ፈታው። የልጁ ባል ትሑት ሰው ነው፤ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ፣ "አባባ፣ ይሄ እኮ ገና ዋስትና አለው" አለው። ጋሽ በረዶ መልሶ ገጠመው፤ አንዲት ብሎን ግን ተረፈች። ያቺን ብሎን በኪሱ ይዞ ቀሪዎቹን ቀናት በመስኮት የሰው ጣራ ሲያይ ሰነበተ። እዚያ መኖር ምን ማለት እንደሆነ የገባው ያን ጊዜ ነው። እየበሉ መቀመጥ ማለት ነው። እዚህ ከቤቱ ጀርባ የቆርቆሮ ሱቁ አለች፤ ጠዋት ሲከፍታት የሚጠብቀው አንድ የታመመ ሞተር አያጣም። ያቺን ሱቅ ዘግቶ አራተኛ ፎቅ መውጣት ለእሱ በቁም መቀበር ነበር። ይህንን ለሚስቱ ነግሯት አያውቅም። ጉልበቷን እያሸች ስታድር እያየ ምን ብሎ ይንገራት?

ሚስቱ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ፣ "እስቲ አንድ ጊዜ ደግሞ ትከል" አለች።

"ምን?"

"በለስ ነዋ። አንድ የብርድ ወራት ከቻለ እኔም እችላለሁ፤ እንቀመጣለን። ካልቻለ እቃችንን ጠቅልለን ወደ ልጄ። ከዚህ ወዲያ 'ቆይ እስቲ' የለም።"

ጋሽ በረዶ አሰበ። "አንድ የብርድ ወራት" አለ።

"አንድ። አርጅቻለሁ እኮ፣ ሦስት አልጠብቅም።"

"እሺ።"

በማግስቱ የሚስቱ ወንድም በታክሲው ወሰደው። ባለታክሲው ሃምሳ ዓመቱ ነው፤ ምላሱ ከታክሲው ይፈጥናል። ችግኝ ማፍያው ከከተማው ዳር ያለ፣ በላስቲክ የተሸፈነ ረጅም ቤት ነው። ባለቤቷ እስከ ክርኗ አፈር የነካት፣ የመግረዣ መቀስ ቀበቶዋ ላይ የሻጠች ሴት ናት።

"በለስ ፈልጌ ነበር" አላት ጋሽ በረዶ።

"ባለ እሾሁን ነው ባለ ቅጠሉን?"

"ባለ እሾሁን ስጪው" አለ ባለታክሲው። "ከጠባዩ ጋር ይሄዳል። ውሃም አይፈልግ፣ ወሬም አይፈልግ።"

"ባለ ቅጠሉን" አለ ጋሽ በረዶ። "ብርድ የሚችለውን።"

ሴትዮዋ ወደ ጥግ ወስዳ ሦስት ችግኞች አሳየችው። ቁመታቸው እስከ ወገቡ ይደርሳል፣ ቅጠላቸው የእጅ መዳፍ ያህላል። በእያንዳንዱ ግንድ ላይ አንዳንድ ወረቀት ታስሯል።

"እኔ ስም የማወጣላቸው የዛፉን ቁራጭ በሰጠኝ ሰው ነው" አለች። "ይቺ የጥርስ ሐኪሙ ናት። ይቺ የፖስተኛው። ይቺ የአማቴ።"

ጋሽ በረዶ መነጽሩን አድርጎ ወረቀቶቹን በየተራ አነበበ። የጥርስ ሐኪሙ ከዜሮ በታች አስር ይችላል። የፖስተኛው አስራ ሁለት ይችላል። የአማቴ አስራ አምስት ትችላለች።

"አማትሽ አስራ አምስት?" አለ ባለታክሲው።

"አማቴን ምን ይነካታል ብለህ ነው? እኛ ነን እንጂ የምንታመመው።"

"ማን ለካው?" አለ ጋሽ በረዶ።

"ምኑን አባባ?"

"አስራ አምስቱን።"

ሴትዮዋ እጇን በሽርጧ ጠረገች። "እንዲህ ይባላል ነው እንጂ ማን ይለካዋል? ይመኑኝ፣ ሦስቱም ይችላሉ።"

"ይችላል ብሎ መጻፍማ ፋብሪካም ይጽፋል።"

በአርባ ዓመት ውስጥ የተጻፈበትን ቁጥር በእውነት የሚደርስ ፍሪጅ ያየው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ጉድጓዱ አንድ፣ ዕድሉ አንድ። በወረቀት አምኖ ቤቱን አያስይዝም። ሦስቱንም ገዛ።

"የት ልትተክላቸው ነው ጋሼ?" አለ ባለታክሲው የዕቃ መጫኛውን እየከፈተ።

"አንዱን ነው የምተክለው።"

"ሁለቱስ?"

ጋሽ በረዶ ማሰሮዎቹን መጫን ያዘ። ሴትዮዋ ከበሩ ላይ፣ "አባባ፣ አሁን ገና አልተኙም፣ መጀመሪያ ቀስ እያሉ…" ብላ ስትጀምር እሱ ታክሲው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘግቷል። ዛፍ ተኛ አልተኛ የሚለው ነገር የሴት ጨዋታ መሰለው።

ሱቁ ውስጥ የባለ ሉካንዳው ፍሪዘር ነበረ። እንደ ሣጥን የሚጋደም፣ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት ትልቅ ነገር ነው። ሞተሩን ቀይሮለታል፤ ሐሙስ ሊያስረክብ ተቀጣጥረዋል። ቀኑ ሰኞ ነው።

ጋሽ በረዶ ሲሠራ አይቸኩልም። መጀመሪያ ከወደቀ ፍሪጅ ግድግዳ ውስጥ ስፖንጁን ፈልቅቆ የሦስቱንም ማሰሮ ጠቀለለ፤ ሥር አፈር ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ውርጭ በቀጥታ አያገኘውም፣ ስለዚህ እዚህም እንዳያገኘው። ለአንዱ ያደረገውን ለሌላው አላጓደለም፤ ቁራጩን በሜትር እየለካ ነው። ወረቀቶቹ እንዳይረጥቡ ፈታና ከክዳኑ ላይ በተራ ደረደራቸው። በግራ ጥርስ ሐኪሙ፣ በመሐል ፖስተኛው፣ በቀኝ አማትየዋ። ችግኞቹንም በዚያው ተራ አጋደማቸው። ሙቀት መለኪያውን በክር አንጠልጥሎ ክዳኑን ገጠመ።

ሰኞ ከዜሮ በታች አራት አደረገው። ማክሰኞ ጠዋት ወረቀቶቹን በጥንቃቄ አንስቶ ሲከፍት ቅጠሎቹ ሁሉ ተዝለፍልፈዋል። ደነገጠ፣ ግን ተጽናና። "ቅጠል ልብስ ነው" አለ ለራሱ። "ልብሱን አውልቆ ነው።" ከዚያ አስራ ሁለት ላይ አደረገው። የከተማው ብርድ ከስምንት አልፎ አያውቅም፤ ሱቁ ግድግዳ ላይ ሠላሳ ዓመት የተቸነከረው መለኪያ ምስክር ነው። አስራ ሁለትን የቻለ ስምንትን ይስቅበታል። ለሚስቱ አልነገራትም። ብትጠይቀው ይነግራት ነበር፤ አልጠየቀችም።

ረቡዕ ጠዋት እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ቧንቧው ወጣ አለ። ሲመለስ ባለ ሉካንዳው ሱቁ ውስጥ ቆሟል። ወፍራም፣ ድምፁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ፣ ቀጠሮ የማያከብር ሰው ነው፤ አንድ ቀን ቀድሞ መጥቶ ክዳኑን ብድግ አድርጎታል። ወረቀቶቹ መሬት ላይ ከብሎን ጋር ተበትነዋል።

"ጋሼ" አለ ባለ ሉካንዳው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ማን ነው የሞተው?"

ጋሽ በረዶ መጥቶ አየ። ሦስቱም ጠቁረዋል። ግንዳቸው እንደ እርጥብ ገመድ ጎንበስ ብሏል።

"በለስ ነው" አለ።

"በለስ ፍሪዘር ውስጥ ምን ይሠራል?"

"ብርድ ይችል እንደሆነ እያየሁ ነበር።"

"እና?"

ጋሽ በረዶ የፍሪዘሩን ሶኬት ነቀለ።

"በለስ አልቀናህማ!" አለ ባለ ሉካንዳው። ከዚያ ሳቁ መጣበት፤ እየሳቀ አሮጌ ሞተር ላይ ተቀመጠ፣ ከሞተሩ ላይም ሊንሸራተት ደረሰ። ዓይኑን እየጠረገ ከመሬት አንድ ወረቀት አነሳ። "'የአማቴ፣ ከዜሮ በታች አስራ አምስት ትችላለች።' ጋሼ፣ ይሄን እኔ እይዘዋለሁ።"

"አምጣው።"

"የሥጋዬ ፍሪዘር ላይ ነው የተገኘው፣ የኔ ነው። ለመሆኑ ነገ ስመጣ ባዶ አገኘዋለሁ፣ ወይስ ብርቱካንም ቀጠሮ አለው?"

"ነገ ና።"

ባለ ሉካንዳው ወረቀቱን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከትቶ ሄደ። ወሬው በመጀመሪያ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ደረሰ፤ እዚያ ገና ስለ ዛፍ ነበር። ከፀጉር አስተካካዩ ወደ ጫማ ሰፊው ሲሻገር ዛፉ ወደቀና ወረቀቷ ብቻ ተረፈች። ከጫማ ሰፊው ወደ አትክልት ሻጯ ሲደርስ ጋሽ በረዶ አማቱን ሉካንዳ ቤት ፍሪዘር ውስጥ ከቷታል፣ እስከ አስራ አምስት ችላለች እየተባለ ነው።

ሚስቱ ከአትክልት ሻጯ ዘንቢሏን ሳትሞላ ተመለሰች። ጋሽ በረዶ ሱቁ ውስጥ ፍሪዘሩን እየወለወለ ነበር። ሦስቱ ችግኞች ከግድግዳው ጋር ተደግፈው ቆመዋል።

"እናቴን ፍሪዘር ውስጥ ከተትካት አሉ" አለችው።

"እናትሽማ ከሞተች ሃያ ዓመቷ።"

"እኔም እንደዚያ ብያቸዋለሁ። ታዲያ የማን አማት ናት?"

"የባለችግኟ።"

"የሰው አማት ነው ያቀዘቀዝከው?"

"ለካሁ" አለ ጋሽ በረዶ፣ ወደ ግድግዳው በአገጩ እያመለከተ።

ሚስቱ ወደ ችግኞቹ ሄደች። የአንዱን ቅጠል በሁለት ጣቷ ያዘችው፤ እንደ እርጥብ ወረቀት ተቆርጦ እጇ ላይ ቀረ። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። እሱ የሚፈራው ይህንኑ ነበር፤ ሚስቱ ስትቆጣ የሚያልፍ ነገር ነው፣ ዝም ስትል ግን ወስናለች ማለት ነው።

"ብርዱ ሳይገባ ገደልካቸው" አለች በመጨረሻ። "እኔንስ ምን ልታደርገኝ ነበር?"

ገብታ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሻንጣውን አወረደች። አልጋው ላይ ከፍታ አስቀመጠችው። ጋሽ በረዶ ከበሩ ላይ ቆሞ አየ። የሻንጣው ዚፕ ተሰነጣጥቋል፤ መጠገን ነበረበት። መጠገን አልፈለገም።

በማግስቱ ፍሪዘሩን አስረከበ፣ ሦስቱን ችግኞች ታክሲው ላይ ጫነ። ባለታክሲው መንገዱን ሙሉ ሲመክረው ሄደ።

"ጋሼ ስማኝ። አንድ ትልቅ፣ ፍሬ ያለው ግዛ። ከነማሰሮው ጉድጓዱ ውስጥ ቀጥ አድርገህ አቁመው፤ ብርድ ሲመታው በሌላ ትቀይረዋለህ። እህቴ ዓይኗ ደክሟል።"

"ለጆሮዋስ?"

"ጆሮዋን ምን አመጣው?"

"ልጅቱ ደውላ ተክለሃል ወይ ስትለኝ እህትህ ትሰማለች። ምን እላታለሁ?"

"ተክያለሁ በላ!"

ጋሽ በረዶ ወደ መስኮቱ ዞረ። ለእህትህ እንዲህ ያለ ነገር ማድረግ እንዴት ያለ ወንድምነት ነው ሊለው ነበር፤ ረጅም ሆነበትና ተወው።

ባለችግኟ ሦስቱን ስታያቸው መቀሷን ከቀበቶዋ መዘዘች፣ መልሳም ሻጠችው።

"ይችላሉ ብለሽ ጽፈሽ ነበር" አላት ጋሽ በረዶ።

"ምን አደረጓቸው?"

ነገራት። ከአፍ እስከ ገደፉ፣ ዲግሪውን ከነሰዓቱ ነገራት። ባለታክሲው ችግኞች መሐል ተደብቆ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይታያል።

"አባባ" አለች ሴትዮዋ፣ "ይሄን ዘበናይ በካናቴራ እንደቆመ ፍሪዘር ውስጥ ብንከተው ይችላል?" ባለታክሲውን እያሳየች ነው።

"አይችልም።"

"ጋቢ ቢለብስ፣ ቀስ እያለ ቢለምድስ?"

"ይሻለው ይሆናል።"

"ዛፍም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ቀኑ ያጥራል፣ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል፣ እሷም ቅጠሏን ታራግፋለች፣ ውሃዋን ወደ ሥሯ ትሰበስባለች፣ ትተኛለች። ብርድ የምትችለው ተኝታ ነው። እርስዎ በነቃ ዓይኗ ነው የጨመሯት። እንደዚህማ አማቴም አትችል።"

ጋሽ በረዶ ይህን ሲሰማ ጀርባው ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ጎበጠ። ወንበር ፈልጎ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። አርባ ዓመት በብርድ ሥራ ኖሮ፣ ብርድ የሚገባበት ጊዜ እንዳለው አንድም ቀን አላሰበም። ፍሪጅ ሁልጊዜ ነቅቶ ነው የሚበርደው። ሁለቱ የቀድሞ በለሶችም ትዝ አሉት፤ ሁለቱንም ቅጠላቸው እንደለመለመ ነበር ውርጭ የያዛቸው፤ ውሃ እያጠጣ፣ አይዟችሁ እያለ፣ እንዳይተኙ ያደረጋቸው እሱ ራሱ ነው።

ሴትዮዋ በርከክ ብላ የአንዱን ግንድ በጥፍሯ ፋቀች። ቡናማ። ዝቅ አለች፤ ቡናማ። እስከ አፈሩ ድረስ ወረደች፤ ቡናማ። "ይቺ አልፋለች።" ሁለተኛዋንም እንደዚያው ፈትሻ ወደ ጎን አደረገቻት። ሦስተኛዋ ላይ ከአፈሩ በላይ አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች። ምራቋን ጣቷ ላይ አድርጋ እንደገና ፋቀች።

"ይምጡ አባባ።"

ጋሽ በረዶ መነጽሩን አደረገ። ከቆዳው ሥር፣ የጥፍር ስፋት በምታህል ቦታ፣ አረንጓዴ።

"ይቺ አለች" አለች ሴትዮዋ።

"የማን ናት?"

"ወረቀቷስ?"

"አንዱን ባለ ሉካንዳው ወሰደው። ሁለቱ ከብሎን ጋር ተደባልቀዋል።"

ሴትዮዋ ማሰሮውን አዟዟረች። "የአማቴ ብትሆን አይገርመኝም። ግን ያ ፖስተኛም ቢሆን ደረቅ ሰው ነው።" መቀሷን መዝዛ ጥቁሩን ሁሉ ከላይ ቆረጠችው። የቀረው ስንዝር የሚያህል ጉቶ ነው። "አሁን አባባ፣ ይቺን ይጣሏት። ፍሬ ለመስጠት ሦስት ዓመት ይወስድባታል፣ እሱም ከበቀለች ነው። እዚያ ጋ ቅጠሏን መጣል የጀመረች፣ ስሟ የታወቀ አለች። እሷን ይውሰዱ።"

የምታሳየው ችግኝ ቀጥ ያለች፣ የምታምር ነበረች። ወረቀቷም ንጹሕ ነው። ባለታክሲው ከኋላው፣ "ያቺን ጋሼ፣ ያቺን" እያለ ነው። ጋሽ በረዶ አንዴ ያቺን፣ አንዴ ጉቶዋን አየ። ቤቱ፣ ሱቁ፣ ቀሪ ዕድሜው በሙሉ በአንድ ጉድጓድ ላይ ነው። ሰው አእምሮ ካለው ያቺን ይወስዳል።

"ይቺን እወስዳለሁ" አለ ጉቶዋን አንስቶ።

"ለምን?" አሉ ሁለቱም።

"የለካሁት እሷን ነው።"

ቤት ሲደርስ ሚስቱ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ከተከፈተው ሻንጣ አጠገብ ተቀምጣለች። ማሰሮውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ሻንጣውን አየ። ከትናንት ጀምሮ ውስጡ የገባው አንድ ፎጣ ነው፤ እሱም አዲስ አይደለም። ሞተር የሚያዳምጥ ሰው ነውና እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠውም።

"ይሄ ምንድነው?" አለች።

"በለስ።"

"ዱላ ነው እኮ።"

"ሥሩ አለ።"

አጎንብሳ አየችው። ቀና ስትል ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ነበር፤ ሳቅም ሊሆን ይችላል፣ ጉልበቷም ሊሆን ይችላል።

"ስንት ዲግሪ ነበር ያደረግክባት?"

"አስራ ሁለት። ከዜሮ በታች።"

"እዚህስ ቢበዛ ስንት ይሆናል?"

"ስምንት።"

"ያ የግድግዳው ነው ያለህ?"

"ሠላሳ ዓመት።"

ሚስቱ በጣቶቿ አልጋ ልብሱን እያስተካከለች ቆየች። "እኔ ምን ነበር ያልኩህ?"

"አንድ የብርድ ወራት ከቻለ።"

"ይቺ ታዲያ ምን ቀራት? የብርዱን ወራት ጨርሳ መጥታለች።"

ጋሽ በረዶ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ደስም ብሎታል፤ ልቡ እንደ አዲስ ሞተር ነው የመታው። ግን ሐሰት ያለበት ነገር አይዋጥለትም። "ጥግ ላይ ከነበሩት አንዷ ልትሆን ትችላለች" አለ። "እዚያ ፍሪዘር ጥግ ላይ ሁለት ዲግሪ ይሞቃል። አስር በይው።"

"አስር።"

"ደግሞም አንድ ሌሊት ነው እንጂ ወር አይደለም።"

"አንተ ሰው" አለችው ሚስቱ፣ "መሄድ ነው የምትፈልገው መቅረት?"

አርባ አንድ ዓመት አብረው ሲኖሩ ይህን ጠይቃው አታውቅም። ጋሽ በረዶ ኮፍያውን አወለቀ። ቃሉ ከየት እንደሚወጣ ግራ የገባው ይመስል ጉሮሮውን ጠረገ።

"መቅረት" አለ።

"እሱን ከመጀመሪያው ብትለኝ የሰው አማት ባልተቀዘቀዘች።" ስልኩን አንስታ ደወለች፤ የልጃቸው ድምፅ ቤቱን ሞላው።

"እማዬ! ተከለው እንዴ?"

"ተክሏል። ብርዱንም ወጥታዋለች።"

"የቱን ብርድ? ገና አልገባም እኮ!"

"ሌላ ቦታ ገብቶ ነበር።"

"አልተተከለችም ገና" አለ ጋሽ በረዶ ከኋላ። "ወለሉ ላይ ናት።"

ሚስቱ ስልኩን በመዳፏ ሸፈነችው። "ለመሆኑ ከየትኛው ወገን ነህ?"

"ካንቺ" አለና አካፋ ሊፈልግ ወጣ።

ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ሥር ተከላት። ሴትዮዋ እንዳለችው ውሃ ቀነሰላት፣ አይዞሽ አላላትም። ጠዋት ጠዋት መብረድ ሲጀምር ሱቁ ውስጥ ካሉት የወደቁ ፍሪጆች አንዱን፣ ሞተሩን አውጥቶ ታችኛውን ግድግዳ በመጋዝ ቆርጦ፣ በላይዋ አቆመው። ሰፈርተኛው መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ ለመደው። ባለ ሉካንዳው ብቻ አልተወም፤ ባለፈ ቁጥር በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ "አማትህ ሰላም ናት ጋሼ?" ይለዋል። ወረቀቱን እንዲመልስ ሁለት ጊዜ ተጠይቆ፣ መስታወት አድርጎ ሉካንዳው ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል ተብሏል።

ጋሽ በረዶ በዕድሜው ሙሉ ለደንበኞቹ ሲናገር የኖረው አንድ ምክር ነበር፦ "በሩን ቶሎ ዝጉ፣ ቅዝቃዜው ይወጣል።" ያን ዓመት ውርጩ መሬቱን ነጭ ያደረገ ጊዜ ይህን ምክር መገልበጥ ግድ ሆነበት፤ ሚስቱ ጠዋት ጠዋት በጋቢዋ ተሸፍና ጓሮ ትወጣና የፍሪጁን በር ከፍታ ትቆማለች።

"ዝጊው" አላት አንድ ቀን ከሱቁ በር ላይ ሆኖ። "ቅዝቃዜው ይገባል።"

"እንዴት አደርሽ ልላት ነው።"

"ተኝታለች።"